ልጅቷ ጭቃውን ትርገጠው!

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። ጸሐፊው ከእህቱ ጋር የሚኖር የ26 ዓመት ወጣት ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ቤቱን ግን አምሶታል።

«የእህቴ ልጅ 9 ዓመቷ ነው» ይላል። «ትምህርት ሊዘጋ ሲል ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ ወደሚባል የድሮ ከተማ ሊወስዷቸው ነው። ወላጅ ይፈርም ተብሎ ወረቀት መጣ። እህቴ ‹ሞቼ ነው የምፈርመው! ልጄን ባሪያ አድርገው ሊያጫውቷት? ደሞስ የነሱ ታሪክ እኛን ምን አገባን? እኛ እንደሆን ቅኝ አልተገዛን!› አለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እኔ መሃል ቤት ቆሜያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ እህትህን ለመቆጣት አትቸኩል። ቦታውን እኔም አይቼዋለሁ። ያጋጠመኝን ላጫውትህና አንተው ትፈርዳለህ።

ዊሊያምስበርግ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። ከ1926 ጀምሮ በአንድ የነዳጅ ቱጃር ልጅ ገንዘብ ታደሰችና ሙዚየም ሆነች። ታዲያ በመስታወት ውስጥ ዕቃ እያየህ የምታልፍበት ሙዚየም እንዳይመስልህ፤ ሙዚየሙ ራሷ ከተማዋ ናት። አንጥረኛው ብረት ይቀጠቅጣል፣ አታሚው የእርሳስ ፊደል ይለቅማል፣ ዊግ የሚሠሩም አሉ። ሁሉም የጥንቱን ልብስ ለብሰዋል፤ ብትጠይቃቸው ይመልሱልሃል። አንዳንዶቹማ የዚያን ዘመን ሰው ሆነው ነው የሚያወሩህ፤ ስለ መኪና ብታነሳባቸው ግራ ይገባቸዋል!

እኔ የሄድኩት ከአክስቴ የልጅ ልጅ ጋር ነበር። ያኔ 8 ዓመቱ ነው። ሁሉን ትቶ ጡብ ሠሪዎቹ ጋ ተለጠፈ። በሙቀቱ ወራት እዚያ ጎብኚ ጫማውን አውልቆ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ሸክላውን አፈር በእግሩ ይረግጣል። የተረገጠው ጭቃ በእንጨት ፎርማ ጡብ ይሆናል፤ ይደርቃል፤ ኋላም በእሳት ይተኮሳል። ምን ልበላችሁ፣ በዓይኔ የመጣው የኛው ሰፈር ነው… ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ ተነስንሶ ጎረምሳው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ ሲራገጥ! አላስቻለኝም፤ እኔም ካልሲዬን አውልቄ ገባሁ።

እየሳቅን ሳለን ልጁ «ድሮ ይህን ማን ነበር የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ጡብ ሠሪው አልሸፋፈነም። አብዛኛውን ጊዜ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ አለው፤ ልጆችም ጭምር። በዚያች ከተማ ከአሜሪካ አብዮት በፊት ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር፤ አብዛኛውም ባሪያ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እስከ ዛሬ በቆሙ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ጡቡ ሳይደርቅ ያረፈ የጣት አሻራ ይታያል፤ የልጅ ጣት ያህል የሆነም አለ።

ልጁ እግሩ ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀና አለና «እኔ ያኔ ብኖርስ?» አለኝ።

«አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፤ አንተን አይመለከትም» አልኩት። ዘጋሁለት።

«ያኔ ግን ማን ይጠይቀኝ ነበር?»

ዝም አልኩ! እስከ ቤት ድረስ ዝም!

ወንድሜ፣ መልሴ እንደ እህትህ መልስ ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር። ባርነት በኛም አገር ነበር፤ በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ ይኼም በፈረንጅ አቆጣጠር። ሕጉ ሻረው እንጂ ቃሉ እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ ከአፋችን አልወጣም። ታዲያ «እኛን አያገባንም» ብለን ለልጅ የምንነግረው በየትኛው አፋችን ነው?

እህትህ ትክክል የሆነችበት ነገር ግን አለ። በ1994 ሙዚየሙ የባሪያ ጨረታ በተውኔት አሳይቶ ነበር። የጥቁሮችን ታሪክ ክፍል የምትመራው ሴት ራሷ ከሚሸጡት አንዷ ሆና ቆመች። ለተቃውሞ የወጣ ሰው ነበር፣ ያለቀሰም ነበር። እነዚያ ግን ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ወደውና አውቀው የገቡበት ነው። የ9 ዓመት ልጅን «አንቺ ባሪያ ሁኚ» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማንም እሺ ማለት የለበትም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። አንደኛ፣ እህትህ አስተማሪዋ ጋ ትደውል። ልጆቹ በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ ትጠይቅ። ባሪያና ጌታ ሆኖ መጫወት የሚባል ነገር ካለ ልጄ አትገባበትም ትበል። ሁለተኛ፣ ወላጅ አብሮ መሄድ ይችል እንደሆነ ትጠይቅ፤ ከተቻለ ከሁለት አንዳችሁ ሂዱ። ሦስተኛ፣ ብሬይ ትምህርት ቤት የሚባለውን ቤት ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከ1760 እስከ 1774 ጥቁር ሕፃናት፣ አብዛኞቹ ባሪያዎች፣ ፊደል የቆጠሩበት ነው። ዓላማው ለጌታ ታዛዥ እንዲሆኑ ማስተማር ነበር፤ ማንበብ የቻለ ልጅ ግን ያነበበውን ማን ይወስንለታል? ቤቱ የት እንዳለ ተረስቶ ኖሮ በ2020 ተለየና በ2023 ወደ ሙዚየሙ ግቢ ተጓጉዞ ገባ። ለአንዲት ተማሪ ከዚህ የሚቀርብ ምን አለ?

ሲመለሱም «ደስ አለሽ?» ብላችሁ አትለፏት። «በእጅሽ ምን ሠራሽ? ያን ሥራ ድሮ ማን ይሠራው ነበር?» በሏት።

እንግዲህ እህትህ ትፈርም፤ ልጅቷም ጭቃውን ትርገጠው። ያ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ብቻ እንደኔ አትዝጉባት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!