ዋንጫው ሸገር፣ ጨዋታው ሐዋሳ

የአዲስ አበባ ክለቦች ደክመዋል የሚል ሰው ካለ የደረጃ ሰንጠረዡን አላየም ማለት ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ቅዱስ ጊዮርጊስ በተከታታይ ወሰደ። በ2016 ንግድ ባንክ ተረከበው። በ2017 ደግሞ ተራው የኢትዮጵያ መድን ሆነ። አራት ዓመት፣ አራት ዋንጫ፣ አራቱም ሸገር! ከዚያ በፊት ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫውን ወደየቤታቸው ሲወስዱ (የ2012ቱን ኮሮና አቋርጦታል) "የአዲስ አበባ ኳስ አለቀለት" ይባል እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ታዲያ ደስታው የት አለ? ለአራቱ ዋንጫዎች ካዛንቺስ ውስጥ ስንት ጊዜ ጥሩምባ ተነፋ? ቂርቆስ ውስጥ ስንት መኪና ባንዲራ አውለበለበ? ቅዳሜ ማታ አርሴናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ ሲጫወት ዲኤስቲቪ ቤቱ መቆሚያ ያጣል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስክሪን የሸገር ክለብ ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ ሲተላለፍ ግን አስተናጋጁ ቻናሉን እንዳይቀይረው የሚለምኑት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። "ደጋፊው ለአገሩ ኳስ ፍቅር የለውም" የሚሉ አሉ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ፍቅር ነበረው፣ የሚወድበትን ቦታ ነው የወሰዱበት።

ቦታው የታወቀ ነው፤ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው አዲስ አበባ ስታዲየም። የካዛንቺስ ልጅ በባምቢስ ቁልቁል ወርዶ፣ የቂርቆስ ልጅ በለገሃር አቋርጦ በእግሩ ይደርስበት ነበር። የታክሲ ሳንቲም አያስፈልግም፤ የተረፈችው ለቆሎና ለሱፍ ትበቃለች። ሜዳው ራሱን የቻለ ሰፈር ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ! እነዚህን ስሞች ያወጣ ኮሚቴ የለም፣ ሕዝቡ ነው። ሰው የት እንደሚቀመጥ ከሰማህ ኪሱንም፣ ጠባዩንም፣ ድምፁንም መገመት ትችላለህ። ጊዮርጊስና ቡና በሚገናኙበት ቀን ደግሞ ገና ሳይነጋ ሰልፉ አጥሩን ይዞራል፣ ጋቢ ለብሶ ያደረም አይጠፋም። የሸገር ደርቢ ማለት ዘጠና ደቂቃ ብቻ አልነበረም፤ ከሰኞ ጀምሮ በየሻይ ቤቱ የሚቆላ፣ ካለቀ በኋላም ለሳምንት የሚነገር ነገር ነው።

እዚያው ሜዳ ላይ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተብሎ በሚጠራበት ዘመን፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ አነሱ። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው የሰውነት ቢሻው ቡድን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ያን ቀን መስቀል አደባባይ የነበረ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ያልነበረም ነበርኩ ይላል፣ ይሁንለት!

ከዚያስ? ካፍ መስፈርቱን አጠበቀ። ለየሰው የተለየ ወንበር፣ ደረጃውን የጠበቀ መልበሻ ክፍል፣ የሕክምናና የመገናኛ ብዙኃን ክፍል፣ በቂ የሜዳ መብራት... አሮጌው ስታዲየም የሲሚንቶ ደረጃውን ታቅፎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ካፍ አልተሳሳተም። መፀዳጃ ቤቱን ያየ፣ ዝናብ ሲመጣ ካርቶን በራሱ ላይ የደፋ ሁሉ ከካፍ በፊት ያውቀዋል። ችግሩ መዘጋቱ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ዓመት የሚፈጅ እድሳት የገባ ስታዲየም መተኪያ ሳይዘጋጅለት መዘጋቱ ነው። በ2008 ግንባታው የተጀመረውና ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለለት የቦሌው አደይ አበባ ስታዲየም ይደርሳል ተብሎ ነበር። ግን በ2008 የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ ሲለምድ እንኳ ኳስ አልተጫወተበትም። ለጊዜው ጫናውን ይችል የነበረው የባሕር ዳር ስታዲየምም በ2014 ታገደ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ ግብፅን እንደገና አሸነፉ፤ 2 ለ 0፣ ዳዋ ሆጤሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። በስንት ዘመን አንዴ የሚገኝ ድል ነው። "በሜዳችን" የተደረገው ይህ ጨዋታ ግን የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። በ1954ቱ ድል አዲስ አበባ አብራ ጮኸች፤ የ2014ቱን ድል በየቴሌቪዥኑ ፊት ነው ያከበረችው። ከዚያም ወዲህ ብሔራዊ ቡድኑ "የሜዳውን" ጨዋታ በተለያዩ አገሮች ሲያደርግ ቆይቷል።

ክለቦቹም ከዚህ ብዙ የተለየ ዕጣ አልገጠማቸውም። በ2013 ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር ሥር ሆኖ የዲኤስቲቪ ካሜራ ሲገባ ጨዋታዎቹ በየተራ በተመረጡ ከተሞች እንዲሰባሰቡ ተደረገ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ለካሜራው ይመቻል፣ የጉዞ ወጪም ይቀንሳል። ከዚያ በፊት በየስታዲየሙ ይነሳ የነበረውን ድብድብና ድንጋይ ውርወራም ቀንሷል፤ ይህን የሚክድ የለም፣ የአዲስ አበባ ደጋፊም በዚህ ረገድ እጁ ንፁህ አልነበረም። የሐዋሳና የአዳማ ተመልካችም ጥሩ ጨዋታ ማየቱ ደግ ነው። ሆኖም የሸገር ክለቦች ሻምፒዮን ያደረጓቸውን አብዛኞቹን ጨዋታዎች ያሸነፉት በሰው ከተማ፣ ደጋፊያቸው በሌለበት ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። በ1993 ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል 24 ጎል ሲያገባ የቂርቆስ ልጅ ጎሎቹን በዓይኑ ይቆጥር ነበር። ሪከርዱ 16 ዓመት ቆየ፤ በ2009 ጌታነህ ከበደ በ25 ሰበረው። በ2013 ደግሞ የቡናው አቡበከር ናስር 29 አስቆጥሮ ሁሉንም አስረሳ። ይህ ልጅ በኋላ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። በኢትዮጵያ ቡና ታሪክ እንዲህ ያለ የውድድር ዘመን ያሳለፈ አጥቂ ማን አለ? የቡና ደጋፊ ግን በአንድ በኩል በኮሮና፣ በሌላ በኩል ጨዋታው ከተማ ለከተማ በመዞሩ አብዛኞቹን ጎሎች በስልክና በቴሌቪዥን ነው ያያቸው። ለሚወደው ልጅ በደንብ አጨብጭቦ እንኳ አልሸኘውም።

እዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር ይመጣል፣ ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው። ንግድ ባንክም፣ መድንም፣ መቻልም፣ ኤሌክትሪክም የድርጅትና የተቋም ቡድኖች ናቸው። ተመልካች ኖረ አልኖረ ደመወዝ ይከፈላል። ነገር ግን የበላይ አለቃው አንድ ቀን "በቃኝ" ካለ ቡድኑ የለም። ንግድ ባንክ ራሱ ምስክር ነው፤ በ2009 ከሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑ ፈረሰ፣ ከዓመታት በኋላ እንደ አዲስ ተቋቁሞ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አደገና በመጣበት ዓመት ዋንጫውን በላ። ጎበዝ! በ2016 ክረምት የሴቶቹ ቡድን ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። ሁሉም ፈራሽ ቡድን ግን እንዲህ አይነሳም። ኒያላን፣ ሙገር ሲሚንቶን የሚያስታውስ ዛሬ በሊጉ ውስጥ ፈልጎ አያገኛቸውም።

ጊዮርጊስና ቡና ከእነዚህ ይለያሉ። ስፖንሰር ቢኖራቸውም፣ ባለሀብት ቢደግፋቸውም ነፍሳቸው ደጋፊው ነው። ትኬት፣ መለያ፣ ስካርፍ፣ የአባልነት መዋጮ፣ ይህ ሁሉ የሚሰበሰበው ሰው ሜዳ ሲመጣ ነው። ሜዳ ያልሄደ ሰው ስካርፉን ለማን ብሎ ይገዛል? ስለዚህ በደጋፊ የሚኖረው ክለብ ሲጎዳ፣ በበጀት የሚኖረው አይጎዳም። ባለፉት ዓመታት ዋንጫው ከፈረሰኞቹ ወደ ተቋማት ቡድኖች መሻገሩን ሙሉ በሙሉ በዚህ ማስረዳት ባይቻልም (መድን በገብረመድኅን ኃይሌ እጅ በሜዳ ላይ ሠርቶ ነው ያሸነፈው፣ ክብር ይገባዋል) ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ግን ግልጽ ነው።

በዚህ መሃል ራሱ ደጋፊው ከቦታው ተነሳ። በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ በሠራቸው ቤቶች ስም የተጠራው አሮጌ ሰፈር በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ፤ ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ሄደ። አዲሱ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱም አምሯል። ግን አንድ ሰፈር የሚያወጣው ቲፎዞ፣ በአንድ ሻይ ቤት ጊዮርጊስና ቡና ሆነው የሚሰዳደቡ ጎረቤታሞች፣ ልጁን ይዞ ወደ ስታዲየም የሚወርድ አባት፣ እነዚህ በጭነት መኪና አይጫኑም። በእግር የሚደረስበት ሜዳ አሁን ለብዙዎቹ በሁለት ሦስት ታክሲ የሚደረስበት ሆኗል።

እንግዲህ ፌዴሬሽኑም፣ የሊጉ አክሲዮን ማኅበርም፣ የከተማው አስተዳደርም ማሰብ ያለባቸው ስለ ወንበርና ስለ ቀለም ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም ሥራ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደቀረው፣ ለሕዝብ በየጊዜው ይነገር። የሸገር ክለቦች በሸገር፣ የሐዋሳው በሐዋሳ የሚጫወትበት የደርሶ መልስ ውድድር ይመለስ፤ ካሜራው ወደ ጨዋታው ይሂድ እንጂ ጨዋታው ወደ ካሜራው አይጎተት። ደርቢው በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ አይደረግ፣ ሠራተኛው እሁድ ነው የሚያርፈው። የካታንጋ ትኬት ወንበር ተገጠመለት ተብሎ ዋጋው ካታንጋን የሚያባርር እንዳይሆን፤ ስሞቹም ይቀመጡ፣ "ዞን ሀ" እና "ዞን ለ" የሚባል ነገር ማንም አይፈልግም። አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ደግሞ በጨዋታ ቀን ከገላን ጉራ ወደ ስታዲየም፣ ሲያልቅም ወደ ገላን ጉራ የሚመልስ መስመር ይመድቡ፤ ደርቢው ከመሸ በኋላ ካለቀ ታክሲ አይገኝምና።