ቅጂ ያለው አንደኛ ይወጣል

«የመጀመሪያው ረጅም የካርቱን ፊልም የትኛው ነው?» ተብሎ በጥያቄና መልስ ውድድር ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ የዲዝኒ «ስኖው ኋይት»፣ 1937። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳኛው «ትክክል!» ይላል፣ ይጨበጨባል። እኔ ግን ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ሎተ ራይኒገር የምትባል ጀርመናዊት ትዝ ትለኛለች።

ራይኒገር ረጅም ፊልሟን መሥራት የጀመረችው በ1923 ነው። ጀርመን ውስጥ ገንዘብ በየቀኑ ዋጋ የሚያጣበት ዘመን ነበርና ሉዊስ ሃገን የተባለ ባለባንክ ሀብቱ እንዳይቀልጥበት ብሎ ያልተነሳበት የፊልም ጥቅል በብዛት ገዝቶ አስቀምጦ ነበር። «በዚህ ረጅም ፊልም ሥሪበት» ያላትም እሱ ነው። ፖትስዳም ከሚገኘው ቤቱ ጋራዥ በላይ ያለው ክፍል ስቱዲዮዋ ሆነ። ዋና መሣሪያዋ መቀስ ነበር። ከጥቁር ካርቶን የሰውና የእንስሳ ቅርጽ ትቆርጣለች፣ መገጣጠሚያቸውን በቀጭን ሽቦ ታያይዛለች፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ መስታወት ላይ ታጋድማቸዋለች። ባለቤቷ ካርል ኮኽ ከላይ በተሰቀለው ካሜራ ያነሳል። የምስሉን እጅ ጥቂት ፈቀቅ፣ አንድ ፎቶ፤ ደግሞ ፈቀቅ፣ ሌላ ፎቶ። ሦስት ዓመት እንዲህ ተለፍቶ «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» በ1926 በርሊን ላይ ታየ። ከስኖው ኋይት በ11 ዓመት ይቀድማል።

«እሱማ የጥላ አሻንጉሊት ነው እንጂ ካርቱን አይደለም» የሚሉ አሉ። ስኖው ኋይት በእጅ ተሥሎ፣ በቀለምና በድምፅ መምጣቱ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ግዑዙን በፎቶ በፎቶ እያንቀሳቀሱ ነፍስ መስጠት አኒሜሽን ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ራይኒገርም ብትሆን የሚቀድማት አለ። ጣሊያን ተወልዶ አርጀንቲና ያደገው ኪሪኖ ክሪስቲያኒ በ1917 «ኤል አፖስቶል»ን አወጣ፤ በጊዜው ፕሬዚዳንት በኢሪጎየን ላይ የሚያሾፍ፣ በተቆረጡ የካርቶን ምስሎች የተሠራ ረጅም ፊልም ነበር። ዛሬ ማንም ሊያየው አይችልም። ራይኒገር ፊልሟን ባሳየችበት በዚያው በ1926 የ«ኤል አፖስቶል» ፕሮዲዩሰር ስቱዲዮ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። የዚያ ዘመን የፊልም ጥቅል እንደ ክብሪት የሚቀጣጠል ነበርና።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ኤሚል ሬኖ አለ። በ1892 ፓሪስ፣ ግሬቫን ሙዚየም ውስጥ፣ በእጁ የቀባቸውን ምስሎች በሸራ ላይ እያንቀሳቀሰ ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ ሉሚዬር ወንድማማቾች ሲኒማቸውን ለሕዝብ ከማቅረባቸው ሦስት ዓመት አስቀድሞ። ሲኒማው ገበያውን ሲቀማው ሬኖ ተስፋ ቆረጠና አብዛኛውን ሥራውን ሴን ወንዝ ውስጥ ጣለው።

ታዲያ የራይኒገር ፊልም እንዴት ተረፈ? ዋናው የጀርመን ኔጋቲቭ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል። ለንደን፣ በብሪታንያ የፊልም ተቋም፣ አንድ ቅጂ ተቀምጦ ስለነበረ ነው ዛሬ የምናየው። በኔ እምነት የአኒሜሽን ታሪክ የምንለው በአብዛኛው የመጋዘን ታሪክ ነው። ዲዝኒ ፊልም ብቻ ሳይሆን ፊልሙን የሚጠብቅ ድርጅትም ነበረው፤ ክሪስቲያኒ ይህ አልነበረውም።

ወደ አገር ቤት ስመጣ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት በ2006 በቴሌቪዥን ብቅ ካለ ወዲህ በአማርኛ አኒሜሽን የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ሥራቸው የት ነው ያለው? ዩቲዩብ ላይና በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ። ላፕቶፑ ይሰረቃል፣ የተሠራበት ሶፍትዌር ከዓመታት በኋላ ፋይሉን አልከፍትም ይላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች ውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል? ያለቀው ፊልምም፣ ሥዕሎቹም፣ ድምፁም በቅጂ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይግቡ። ወጪው የአንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለት ቢሆን ይሻላል፤ አንደኛው ከአዲስ አበባ ውጭ ይቀመጥ።