የበሉበትን ወጪት ያልሰበሩ ሴቶች

«የተማርኩበት ቤት እናቴ ነው» የማይል ምሩቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሠርግ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት፣ አዲስ አበባ ይሁን ዋሽንግተን፣ «እኛ እኮ ግቢ እያለን...» ሲባል ይመሻል። ታዲያ ለእናትህ ምን ሰጠሃት? ሲባል ጭጭ! እኔም ጭጭ ካሉት አንዱ ነኝ።

የእኔ ሰበብ አለኝ። ከዓመታት በፊት የተማርኩበት ትምህርት ቤት ኮሚቴ «አጥር እናሳጥር» ብሎ ገንዘብ ለቀመ። ሰጠሁ። ደረሰኝ ብል፣ «አታምነንም እንዴ?» ተባልኩ። አጥሩም አልታጠረ፣ እኔም አኮረፍኩ። ማኩረፌ ትክክል ይመስለኝ ነበር፣ የስዊት ብራየርን ሴቶች ታሪክ እስክሰማ ድረስ።

ስዊት ብራየር አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ናት። ልጇ የሞተችባት አንዲት ባለርስት በተናዘዘችው መሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ1901 ተቋቋመች። መልአክ እንዳትመስላችሁ! መሬቱ ባሪያዎች ያረሱት ነው፤ ኑዛዜውም «ለነጭ ልጃገረዶች» ይል ነበር፣ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ። እናት ያሏትን ተቋም ማምለክ ግዴታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2015 ቦርዱ ድንገት ተነሥቶ ኮሌጇ በክረምቱ ትዘጋለች ብሎ አወጀ። አቅም የለንም ነው ነገሩ። ልብ በሉ! በስጦታ የተከማቸ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበራት፤ ከፊሉ ግን በሰጪዎቹ ቃል የታሰረ ነው።

ምሩቃኑ አለቀሱ? አለቀሱ እንጂ! ግን እንባቸውን ጠርገው ማኅበር አቋቋሙ፣ ጠበቃ ያዙ፣ ገንዘብ ለቀሙ። የአካባቢው ዐቃቤ ሕግም ከሰሰች፤ ነገሩ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በጁን ወር ስምምነት ሆነ፤ ምሩቃኑ 12 ሚሊዮን ዶላር ሊያመጡ፣ ከታሰረው ገንዘብ 16 ሚሊዮኑ ሊፈታ፣ ፕሬዚዳንቱና አብዛኛው ቦርድ ሊለቁ። ገንዘቡ ገባ። ነሐሴ ሳይወጣ ትምህርት ተጀመረ።

አያችሁ? እንኩ ገንዘቡን፣ ልቀቁ ወንበሩን! እኛ ግን መስጠት ሲባል ምጽዋት ይመስለናል፤ ወርውረን እናልፋለን፣ ወይም እንደኔ አኩርፈን እንቀመጣለን። «ብሰጥ ይበሉታል» ትላለህ። እሺ፣ ሳትሰጥስ ማን ጠየቀልህ?

አራት ኪሎ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር እሱም ትንሽ ኮሌጅ ነበር። የስድስት ኪሎን ቤተ መንግሥት ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ነው። ያ የአንድ ንጉሥ ስጦታ ነው። ከዚያ በኋላ በገበሬው ግብር በልቶ፣ ተኝቶ፣ በነጻ ተመርቆ የወጣው እልፍ ሰው የት ገባ? ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት ገቢህንም ራስህ ፈልግ ማለት ነው፤ የምሩቁ ኪስ መንኳኳቱ አይቀርም። ሹማምንቱ ኪሳችንን ፈልገው አፋችንን የሚጠሉ ከሆነ ግን ከወዲሁ ይወቁት፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት። ቦርዱ ውስጥ ምሩቃን የመረጡት ሰው ይግባ፤ ሂሳቡ በየዓመቱ ይታተም።

እኔ ወደዚያ አጥር ኮሚቴ ልመለስ ነው። በአንድ እጄ መቶ ብር፣ በሌላው የድሮውን ደረሰኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዤ።