በምርጫ የተሸነፈ ሰው ሥራ

ሕዝብ እንደራሴዎቹን በድምፅ በሚመርጥበት አገር ሁሉ፥ ውጤቱ በተነገረ ማግስት በአንዱ ቤት እልልታ ይሰማል፤ በሌላው ቤት ግን ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ደስታ መካሪ አያሻውምና ስለ ፊተኛው ቤት የምንጨምረው ነገር የለም። የተሸነፈው ወገን የሚይዘው መንገድ ግን ለአገር እጅግ ትልቅ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለ ኋለኛው ነው። ከተሸናፊዎች አንዳንዱ ተስፋ ቈርጦ ከሕዝብ ጉዳይ ይርቃል፤ አንዳንዱም ቂሙን ይዞ የተሸነፈበትን ቀን ሲቈጥር ይኖራል። ሁለቱም የቆሙለትን ነገር ያለ ጠባቂ ይተዉታል።

አብርሃም ሊንከን ባሪያዎችን ነፃ ያወጣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ከዚያ በፊት እንዴት እንደ ተሸነፈ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ1854 ዓ.ም. ስቲፈን ዳግላስ የተባለው የኢሊኖይ ግዛት እንደራሴ፥ ካንሳስና ነብራስካ በተባሉት አዲስ አገሮች ባርነት ይኑር ወይም አይኑር የሚለውን ነገር ሰፋሪዎቹ በድምፃቸው ይቍረጡት የሚል ሕግ አስወጣ። ሊንከን በዚያን ጊዜ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጠበቃ ነበረ፤ ይህ ሕግ ወደ አደባባይ ክርክር መለሰው። እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ወራት ሊንከን ባርነት ከነበረበት ስፍራ ሁሉ ወዲያው ይጥፋ አላለም፤ የተሟገተው ወደ አዲስ አገር እንዳይስፋፋ ነው።

የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት እንደራሴዎች የሚመርጡት ያን ጊዜ የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። በ1855 ሊንከን ለዚህ ወንበር ቀርቦ በመጀመሪያው ዙር ከ40 የሚበልጥ ድምፅ አገኘ፤ ያንኑ ሕግ የሚቃወመው ላይመን ትራምቡል ያገኘው 5 ብቻ ነበር። ነገር ግን ዙሩ ሲደጋገም የሊንከን ድምፅ እያነሰ ሄደና ወንበሩ ወደ ሌላው ወገን ሊያልፍ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሊንከን ወዳጆቹን ድምፃችሁን ለትራምቡል ስጡ አላቸው፤ ትራምቡልም ተመረጠ። ከ40 በላይ የያዘ ሰው 5 ለያዘው መልቀቁ ለሚያወራው ቀላል ነው። የሊንከን ባለቤት ግን፥ በሠርጓ ሚዜዋ ከነበረችው ከትራምቡል ሚስት ጋር ከዚያ በኋላ ወዳጅነቷ ፈረሰ። ከተበደለው ሰው ይልቅ የቤተ ሰቡ ኀዘን ሲበረታ እኛም በየቤታችን አይተናል።

በ1858 ሊንከን ከዳግላስ ከራሱ ጋር ተወዳደረ። በ7 ከተሞች ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ እያንዳንዱም ክርክር 3 ሰዓት ይፈጅ ነበር። በኖቬምበር ሕዝቡ ድምፁን ሲሰጥ የሊንከን ወገን በጠቅላላው ቢበልጥም፥ የምክር ቤቱ ወንበሮች አከፋፈል ለዳግላስ የሚስማማ ስለ ነበረ፥ በጃንዋሪ 1859 ምክር ቤቱ ለዳግላስ 54 ለሊንከን 46 ድምፅ ሰጠ። ሊንከን ውጤቱን ሰምቶ በዝናብና በጨለማ ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩን አዳልጦት እንደ ነበረና፥ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ይህ ማዳለጥ ነው እንጂ መውደቅ አይደለም ብሎ በልቡ እንዳሰበ፥ ከ6 ዓመት በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ልብ ብለን እንመልከት። በምርጫው ዘመቻ ብዙ ወራት ያለ ገቢ ስለ ቈየ ለቤቱ ወጪ እንኳ ገንዘብ እንዳጠረው ለወዳጁ ጻፈ፤ ስለዚህ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። ያዘኑትን ወዳጆቹን ግን እሱ በደብዳቤ ያጽናናቸው ነበር፤ ይህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ቀርቶ መቶ ጊዜ ብንሸነፍ የሚተው አይደለም የሚል ነበር ነገሩ። ከዚህም በላይ ክርክሮቹ የታተሙባቸውን ጋዜጦች ሰብስቦ፥ እየቈረጠ በደብተር ላይ አጣበቃቸው። የራሱን ንግግር ከራሱ ወገን ጋዜጣ፥ የዳግላስን ንግግር ደግሞ ከዳግላስ ወገን ጋዜጣ ወሰደ። ብራና ዳምጠው መጽሐፍ የሚገለብጡ ሊቃውንት የዚህን ዋጋ ያውቁታል፤ የባላጋራን ቃል ሳያጣምሙ ከራስ ቃል አጠገብ ማኖር በእውነተኛነቱ የሚተማመን ሰው ሥራ ነው። ደብተሩ በ1860 በኦሃዮ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ በብዙ ሺህም ተሸጠ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ምክሩ ያልተሰማለት ሹምም ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር ጽሕፈቱን ቀድዶ የሚጥል አያሌ ነው፤ ነገሩ በሌላ ቀን ሲፈለግ ግን በመዝገብ ቤት የሚገኝ ወረቀት የለም።

ስለ ዳግላስም ዝም ብንል ፍርድ እናጓድላለን። እሱም በተራው በ1860 የተሸነፈ ሆነ። በኦክቶበር፥ ከፔንሲልቬንያ የመጣው ወሬ ሊንከን እንደሚያሸንፍ ሲያስረዳው፥ ለራሱ ድምፅ መለመኑን ትቶ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ምርጫ ተሸነፍን ብላችሁ አገር አትክፈሉ እያለ በሚጠሉት ሕዝብ መካከል ዞረ። ቃሉ አልተሰማም፤ በኤፕሪል 1861 ጦርነት ተጀመረ። ያን ጊዜ ዳግላስ ወደ ሊንከን ቤት ሄዶ፥ ፕሬዚዳንቱ 75,000 ወታደር ሊጠራ ማሰቡን ሲሰማ 200,000 ይሁን አለው። ከዚያም ወደ ኢሊኖይ ተመልሶ ወገኖቹ ለመንግሥቱ እንዲቆሙ በስፕሪንግፊልድ ምክር ቤት ተናገረ። በጁን 3 ቀን በሺካጎ ሲሞት ዕድሜው 48 ዓመት ነበር።