ከተሰራጨው ጫጩት ይልቅ የቆየው ይቆጠር

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ ከሆነ ወዲህ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚላከው የእንስሳት ሀብት ሪፖርት ተመሳሳይ መልክ ይዟል። ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ላም ተዳቀለ፣ ይህን ያህል ዘመናዊ ቀፎ ገባ ይላል። የአርሶ አደሩ ሌማት በዚያው ልክ ሞልቷል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። የሚቆጥረው ግቢ ውስጥ የገባውን እንጂ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው የተገኘውን አይደለም።

ለአብነት አምስት የተሻሻለ ዝርያ ቄቦች የተረከበ ቤተሰብ ይወሰድ። እንቁላል የጀመረች ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። የአምስቱ ቀለብ ሲደመር በወር ከ16 እስከ 18 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የአበሻ ዶሮ ጭራ ለቅማ ራሷን ትችላለች፤ በዓመት የምትጥለውም ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። የተሻሻለችው ከ200 በላይ የምትጥለው ግን ስትቀለብ ብቻ ነው። ቀለቧ ደግሞ በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። በቆሎው የቤተሰቡም ምግብ ነው፤ ፋጉሎውና ፉርሽካው የሚገዙት ከከተማ ነው። ስለዚህ ከመስከረም በፊት ጎተራው ሲራቆት ዶሮዋና ልጆቹ በአንድ ቁና በቆሎ ይሻማሉ። እናት ማንን እንደምታስቀድም የታወቀ ነው።

ከዚያ የተረፈችውን ፈንግል ይጠብቃታል። በሽታው በብዛት የሚነሳው የበልጉና የክረምቱ ዝናብ በሚጀምርባቸው ወራት ሲሆን፣ ክትባት ባላገኘ መንደር የዶሮውን አብዛኛውን ክፍል በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑና አንዴ ከተከፈተ የማይቆይ መሆኑ ነው። አምስት ዶሮ ያላት እማወራ ብቻዋን ብልቃጥ ማስከፈት አትችልም። መንደሩ ቀን ቆርጦ አንድ ላይ ሲያስከትብ ግን ይቻላል፤ ይህን ማስተባበር የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ጫጩት ያከፋፈለ ወረዳ የክትባቱን ቀን አብሮ ካላከፋፈለ ያደለው ለፈንግል ነው ማለት ይቻላል።

የላሟ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። የአገር ውስጥ ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ወተት ትሰጣለች። የተዳቀለችው ከዚያ እጅግ የበለጠ ልትሰጥ የምትችለው በገለባ ብቻ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም መገኛ የሆነው የግጦሽ መሬት ባለፉት አሥርት ዓመታት በሩዝ ተሸፍኗል፤ አርሶ አደሩ ከሩዙ ገቢ አግኝቷል፣ ከብቱ ግን በአብዛኛው የሩዝ ገለባ ቀርቶለታል። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። 100 ኪሎ ግራም ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በተሟሟበት ውኃ ርሶ፣ አየር ሳያገኝ ለሦስት ሳምንት ታፍኖ ሲወጣ ለምግብነት እንደሚሻል የግብርና ባለሙያዎች ከሚያስተምሩት ቆይቷል። ዩሪያ ለማሳው እንኳ በተወደደበት ጊዜ ግን ይህን ምክር የሚሰማው ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ የተዘነጋው እበት ነው። ከብቱንና ጓሮውን የሚያገናኘው ድልድይ እሱ ነው፤ ላሟ ሣሩን በልታ ፍጉን ለጎመኑ፣ ለድንቹና ለጌሾው ትመልሳለች። ይህ ዙር ሲቋረጥ ቤተሰቡ ከብትም ጓሮም እያለው ሁለቱንም ከኪሱ ይቀልባል። በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች፣ በተለይ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ እበቱ ተጠፍጥፎ በየግቢው እንደ ክምር ቆሞ ይታያል። ከፊሉ በቤት ይነዳል፣ ከፊሉ ከተማ ወጥቶ ይሸጣል። በየዓመቱ የኮምፖስት ዘመቻ ይታወጃል፣ የተቆፈረው ጉድጓድም ይቆጠራል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ፍግ ግን ቀድሞ ኩበት ሆኗል።

ኩበት የምትጠፈጥፈውን ሴት ግንዛቤ ይጎድላታል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እንጨት በሌለበት አገር እንጀራ መጋገር አለባት፤ ከኩበቱ የምታገኘው ብርም ጨውና ሳሙና ይገዛላታል። ስለ ፍግ ጥቅም አሥር ጊዜ ከማስተማር ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማቅረብና በግቢው ጠርዝ የማገዶ ዛፍ እንዲተከል ማገዝ ይሻላል። ባዮጋዝም አለ፤ እሱ ግን አራት ያህል የቀንድ ከብትና በቂ ውኃ ስለሚጠይቅ ለሁሉም ቤት አይሆንም።

ሌላም ሸክም አለ። ልቅ ግጦሽ ቀርቶ ከብቱ ታስሮ ይመገብ ሲባል እረኛው ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሣር የማጨዱና ውኃ የማቅረቡ ሥራ ግን በአብዛኛው ወደ እናት ይዞራል። የምትታለብ የተዳቀለች ላም በቀን ሁለት ጀሪካንና ከዚያ በላይ ውኃ ትጠጣለች። ምንጭ የራቀበት ቀበሌ ላይ ይህን ሳያሰሉ ላም ማደል ሴቲቱን ሌላ ሥራ መቅጠር ነው።

መኖው ይቅደም፣ እንስሳው ይከተል ሲባል የሚነሳ ተገቢ ስጋት አለ፤ መሬት የሌለው ወይም ሩብ ሄክታር የያዘ ሰው ከመርሐ ግብሩ ሊገለል ይችላል። ሆኖም መኖ የግድ የሰብል መሬት አይሻማም። የደሾ ሣር እርከን ላይ ይያዛል፣ አፈሩንም ይጠብቃል። ሰስባኒያ በወይና ደጋ፣ ትሪ ሉሰርን በደጋ አጥር ሆነው ይበቅላሉ። መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ደግሞ ከተከለለው ተፋሰስ ሣር አጭደው የሚወስዱበት ድርሻ በቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ሊጻፍ ይችላል።

ይህ እንዲሆን ባለሙያው የሚመዘንበት ቅጽ መለወጥ አለበት። የስርጭት ኮታ የተሰጠው ባለሙያ ጫጩቱን አስረክቦ ያስፈርማል፤ ለሚቀጥለው ኮታ ይሮጣል። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ እንዲቆጥር ቢታዘዝ ግን መኖ የሌለው ግቢ ውስጥ ዶሮ ከማስገባቱ በፊት ራሱ ያመነታ ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ ውጤት እንደማያስደስት ከወዲሁ መገመት ይቻላል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ወረዳም እውነቱን በመናገሩ እንዳይቀጣ ዞኑ ሊያስብበት ይገባል።

የደሾ ግንጣይ የሚተከለው ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ነው። አዲሱ በጀት ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ 1 ሲሆን ዕቅዱ ቀበሌ እስኪደርስ የተከላው ጊዜ ያልፋል። ግንጣዩን የማዘጋጀቱ ሥራ በተያዘው ዓመት በጀት ካልተሸፈነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚገቡት ጊደሮች የሚጠብቃቸው ያው ገለባ ነው።