መሥሪያ ቤቱ ተጠቃለለ፤ የቆላ ዝንቡን ማን ይቁጠር?

በ2014 ዓ.ም የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ የቆላ ዝንብና ገንዲ በሽታ መቆጣጠሪያና ማጥፊያ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀረ። ከእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከሉ ጋር ተጠቃሎ፣ መቀመጫው ሰበታ በሆነው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ገባ። ከሩቅ ለሚያየው ይህ የሰሌዳና የማኅተም ለውጥ ነው። በጋሞ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሰው ግን ጉዳዩ ከዚያ ያልፋል። በስሙ ላይ የቆላ ዝንብ የሚል ቃል የያዘ፣ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ፣ የሚጠየቅበትም ይኸው ብቻ የሆነ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አሁን የለም።

የኢንስቲትዩቱ ሥር ደግሞ እዚሁ አካባቢያችን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብ ማጥፋት ፕሮጀክት 25 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ነጻ ለማውጣት የታለመ ነበር። ከመስክ ሥራው ማዕከሎች አንዷ አርባ ምንጭ ናት። በ1999 ዓ.ም በተመረቀው የቃሊቲ የዝንብ ማራቢያ ወንድ ዝንቦች በጨረር እየመከኑ ወደዚህ መጥተው በአውሮፕላን ተለቀዋል። በየወንዙ ዳር ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ወጥመዶች ተተክለዋል፤ የከብቶች ደም ተመርምሯል፤ በየወጥመዱ የገባው ዝንብ ተቆጥሮ ተመዝግቧል።

መጠቃለሉ በራሱ ስህተት ነው አልልም። ገንዲ የሚይዘው ከብት መዥገርም አለበት፣ አባ ሰንጋም ያሰጋዋል። ለአንዱ በሽታ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለሌላው ሌላ እያልን መኪናውንና ላቦራቶሪውን መበታተን ለደሃ አገር የሚመከር አይደለም። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከአፍ እግር እስከ ወፍ በሽታ ያለው ሁሉ ይጠራዋል። ወረርሽኝ ሲነሳ ገንዘቡም ባለሙያውም ወደዚያ ይሮጣል፤ መሮጥም አለበት። የቆላ ዝንብ ደግሞ ወረርሽኝ አይደለም። በሬውን ቀስ ብሎ ያከሳል፣ ላሚቱን ያስጨነግፋል፣ ወተቷን ይቀንሳል። ለአስቸኳይ ስብሰባ የሚያበቃ ሪፖርት አይወጣውም።

የዚህን ዝንብ ጠባይ ማወቅ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። እንደ ቤት ዝንብ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል አትጥልም። እንስቷ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ትጠቃለች። ከዚያ በኋላ በየ9 እና በየ10 ቀኑ አንድ እጭ ብቻ ትወልዳለች። እጯ ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ገብታ አንድ ወር ያህል ከቆየች በኋላ ዝንብ ሆና ትወጣለች። የመከነ ወንድ መልቀቅ ውጤት የሚያስገኘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከእሱ ጋር የተጠቃች እንስት ዘር አይኖራትም። ባለሙያዎች እንደሚሉት ከ100 እንስቶች በየቀኑ 4 ያህሉ በተጨማሪ ከሞቱ ዘሩ እየመነመነ ሄዶ ሊጠፋ ይችላል። አራት ቀላል ቁጥር ነው። ቁም ነገሩ ያለው «በየቀኑ» የሚለው ላይ ነው። ወጥመዱ ለሦስት ወር ሠርቶ ለሦስት ወር ከተቀዳደደ፣ አፈር ውስጥ የነበረችው ትወጣለች፣ ከጎረቤት ሸለቆም ሌላ ትመጣለች፤ የወጣው ገንዘብ ወንዝ እንደገባ ይቆጠራል።

በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ይኸው የመከነ ወንድ ዝንብ ዘዴ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ደሴቲቱ ነጻ መሆኗ ታውጇል። ይህ በየስብሰባው እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ኡንጉጃን ግን ባሕር አጥሯታል። የእኛ ዳራማሎ በባሕር አልታጠረም። የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያውን በጋሞና በጎፋ ወረዳዎች የተከበበ ነው፤ ቁጥቋጦውና የዱር እንስሳው ለዝንቡ መጠለያም ቀለብም ነው። የዴሜም ሸለቆ እንዲሁ ነው። ወዲህ ማዶ ወጥመድ ተተክሎ ወዲያ ማዶ ካልተተከለ ሥራው የግማሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም ለሁለት ተከፈለ። በ2014 ዓ.ም የፌዴራሉ ኢንስቲትዩት ተጠቃለለ። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው ክልል ፈርሶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ የሕዝብ ጥያቄም መልስ ያገኘባቸው ናቸው። ነገር ግን አንድን ሸለቆ ይጠብቁ የነበሩ ሦስት እጆች በአምስት ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ተቀየሩ። ሰው ሲቀየር መዝገብ ይጠፋል። የትኛው ወንዝ ዳር ስንት ወጥመድ ነበር? በ2010 ዓ.ም በቀን በአንድ ወጥመድ ስንት ዝንብ ይገባ ነበር? ይህን የሚመልስ ደብተር በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ከሌለ፣ ዝንቡ ጨምሯል ወይም ቀንሷል ብሎ የሚናገር ሁሉ በግምት ነው የሚናገረው።

ክፍተቱን እስካሁን የሚሞላው አርሶ አደሩ ነው፤ የሚሞላውም በኪሱና በመርፌ ነው። በሬው ሲከሳ፣ ፀጉሩ ሲቆም ከገበያ የገንዲ መድኃኒት ገዝቶ ይወጋል ወይም ያስወጋል። ለአንዱ በሬ የተመጠነውን ለሁለት የሚያካፍል አለ። በችግር የሚደረግ ስለሆነ አይፈረድበትም፤ ጉዳቱ ግን የሁላችንም ነው። ከመጠን ያነሰ መድኃኒት የቀመሰው ተሕዋስ መድኃኒቱን ይለምዳል። በጊቤ ሸለቆ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች መድኃኒቱን የተላመደ ገንዲ ተገኝቷል። በሥራ ላይ ያሉት ዋነኛ መድኃኒቶች ደግሞ ሁለት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሲያልቁ የሚተካ በቀላሉ አይገኝም።

ደጋውም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። የዲታ፣ የጨንቻና የቦንኬ ሰው መሬቱ ጠቦት ወደ ቆላ ሲወርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከብት ይኖራል ወይ?» ብሎ ነው። በሬ ካልኖረ በመቆፈሪያ ያርሳል፣ ወይም ትራክተር ይከራያል፤ ፍግ ካልኖረ እንሰቱም አይፋፋም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፌዴራል መንግሥት ኢንስቲትዩቱን መልሶ ያቋቁም የሚል ጥያቄ ይዞ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ይልቅ ዞኑ ከእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ጋር በጽሑፍ ይስማማ፦ በአርባ ምንጭ ያለው ባለሙያ፣ መኪና፣ የወጥመድ ጨርቅና መድኃኒት ለምን ያህል ወረዳ፣ በዓመት ስንት ጊዜ? ያለፉት ዓመታት መዝገብስ ቅጂው ለየወረዳው የሚደርሰው መቼ ነው? ይህ ውል ተፈርሞ በየወረዳው ምክር ቤት ካልተነበበ፣ «ሥራው በእናቱ መሥሪያ ቤት ሥር ቀጥሏል» የሚለው መልስ ማንንም አያስጠይቅም።

ወረዳውም ሰበታን ሳይጠብቅ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነው። ወጥመድ መቁጠር የዶክተር ሥራ አይደለም። አንድ የቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከሁለት ወጣቶች ጋር በወር አንድ ጊዜ ሊሠራው ይችላል። ዝንቡን ለመሳብ የቆየ የላም ሽንት በጠርሙስ አድርጎ ወጥመዱ ሥር ማስቀመጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሽንቱን የሚሸጥ ነጋዴ እስካሁን አልመጣም። ጨርቁን በተመለከተ ግን እውነቱን እንነጋገር። በጊቤ ሸለቆ ለዝንብ የተሰቀለ ጨርቅ እየተሰረቀ ሥራው ተጎድቷል፤ እኛም ጋ ሰማያዊ ጨርቅ ለልጅ ልብስ ያምራል። የቀበሌው ሽማግሌዎች ጉዳዩን የራሳቸው ካላደረጉት ጥበቃ ቀጥሮ የሚዘለቅ አይደለም። ጋሞ ለግጦሹና ለደኑ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው፤ ለወጥመዱም ዱቡሻው ላይ ተነጋግሮ ሥርዓት ማውጣት አያቅተውም።

ከብት ላይ የሚረጨውም ፀረ ዝንብ መድኃኒት ሊቆጠብ ይችላል። ዝንቡ ደም የሚመጠው በአብዛኛው ከትልልቆቹ ከብቶች፣ ያውም ከእግርና ከሆድ ሥር ነው። ስለዚህ ጥጃውን ሁሉ ከማጥለቅለቅ ይልቅ የበሬዎቹንና የላሞቹን እግርና ሆድ በየጊዜው መርጨት ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። አንድ ሰው ብቻውን ቢረጭ የራሱን ከብት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ዝንቡን አይቀንስም። ቀበሌው በአንድ ቀን፣ በአንድ መግዣ ሲያደርገው ነው ለውጥ የሚታየው። ለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥሩ መንገድ ናቸው፤ ለማዳበሪያ የተዘረጋው የግዥ ሰንሰለት ለዚህም ይበቃል።

የጋሞና የጎፋ ግብርና መምሪያዎች ደግሞ በማዜና በዴሜ ዙሪያ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ መሥራት አለባቸው። ክልሉ አንድ በመሆኑ ይህን ለማስተባበር ሌላ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የሚቀጥለው ዓመት የወረዳ በጀት ሲረቀቅ «የእንስሳት ጤና» ከሚለው ጥቅል ርዕስ ውስጥ የቆላ ዝንብ ለብቻው ተለይቶ፣ የወጥመዱ ብዛትና የተመደበው ብር ተጽፎ ይቅረብ። የምክር ቤት አባላትም ዳራማሎ፣ ካምባ፣ ምዕራብ ዓባያና አርባ ምንጭ ዙሪያ ላይ ያንን ቁጥር ፈልገው ካጡት፣ ረቂቁን ሳያጸድቁ ይመልሱት።