ሪጎሬ ናት ወይስ አይደለችም?

ከወልዲያ ተነስቶ በጋሸና አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር የተጓዘ ሰው ነፋስ መውጫን አይረሳትም። ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም፣ ነፋሷ አጥንት ድረስ ይገባል። የላይ ጋይንት መቀመጫ ናት። ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ያሉ ናቸው። አገሩ የደጋ አገር ነው፣ ኑሮው ከባድ ነው፣ ኳስ ወዳዱ ግን ከአዲስ አበባው አይተናነስም። አርብ ገበያ ሂዱ፣ ወገዳ ሂዱ፣ መካነ ኢየሱስ ሂዱ፤ መብራት ካለ ኳስ ማሳያ ቤት አለ፣ ኳስ ማሳያ ቤት ካለ ደግሞ መድፈኞቹና ቀያይ ሰይጣኖቹ በአንድ አግዳሚ ላይ ተፋጠው ተቀምጠዋል።

እስቲ ዛሬ ስለዚያ አግዳሚ እናውራ። ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ እንበል። ግማሹ አግዳሚ «ንጹሕ ሪጎሬ!» ይላል፣ ግማሹ «ራሱ ነው የወደቀው!» ብሎ ይማማላል። ምስሉ አንድ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ። ታዲያ ማነው የሚዋሸው?

ማንም አይዋሽም። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 ዳርትማውዝና ፕሪንስተን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች (በእነሱው ዓይነት «እግር ኳስ» መሆኑ ነው) ተጋጥመው ጨዋታው የአፍንጫና የእግር ስብራት ያለበት ድብድብ ሆኖ ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሳዩና ጥፋት እንዲቆጥሩ ጠየቋቸው። የፕሪንስተን ልጆች በዳርትማውዝ ተጫዋቾች ላይ የቆጠሩት ጥፋት ዳርትማውዞቹ ራሳቸው ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ያው ነው፣ የታያቸው ጨዋታ ግን ለየቅል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ደንበኛ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ከጥላ ፎቅ የታየው ጥፋት ከካታንጋ ታይቶ አያውቅም ነበር እኮ!

በፈረሰኞቹና በቡና መካከል ይህ ቢሆን የአንድ ሳምንት ጨዋታ ነው፣ ሰኞ ቡና እየጠጣን እንሳሳቅበታለን። አደጋው የሚመጣው ማሊያው ሌላ ነገር ሲለብስ ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቐለ ሊጫወቱ ቀጠሮ በተያዘበት ቀን ወልዲያ ላይ የሆነውን እናስታውሳለን። ኳሱ ሳይነካ ከተማዋ ታወከች፣ ሰው ተጎዳ፣ ንብረት ወደመ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ የስፖርት ገጾች የሚጽፉት ስለ አሰላለፍ መሆኑ ቀረ፤ ወሬው ሁሉ ሜዳው የት ይሁን፣ ገለልተኛ ይሁን አይሁን ሆነ። አንድ ክለብ በጨዋታ ሲሸነፍ ሕዝብ የተዋረደ፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ሕዝብ የነገሠ ያህል የሚጮህ ደጋፊም በዛ። እኛ የስፖርት ጋዜጠኞችስ? አንዳንዱ በሬዲዮ እሳቱን ለማጥፋት ውሃ ይዞ መጣ፣ አንዳንዱ ግን ጋዝ ይዞ ነው የመጣው።

በዚያው ሰሞን ግን ኳሱ ራሱ ጥሩ ነገር አሳይቶን ነበር። በ2011 ዓ.ም. አፄዎቹ በውበቱ አባተ እየተመሩ ሊጉን እስከ መጨረሻው ሳምንት መርተው፣ በመጨረሻዋ ቀን ከስሑል ሽረ አቻ ወጡና ዋንጫው በአንድ ነጥብ ብልጫ የመቐለ 70 እንደርታ ሆነ። ለፋሲል ደጋፊ ከዚህ የባሰ ሽንፈት አልነበረም። ቀጣዩን ዓመት ኮሮና በላው። በ2013 ዓ.ም. አፄዎቹ በሥዩም ከበደ መሪነት የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሱ። «ተበላን፣ ተጭበረበርን» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ የሚኖር ቡድን እንዲህ አያደርግም። ሽንፈቱን ሽንፈት ብሎ የተቀበለ፣ ስህተቱን ቆጥሮ ልምምድ የወረደ ነው የሚያደርገው። የሥነ ልቦና ሰዎች የመንፈስ ጽናት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አለመውደቅ ማለት አይደለም፣ ሲወድቁ ጥፋተኛ ፍለጋ ዓመት አለማባከን ነው። በ2011 ዋንጫውን የወሰደው አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌም በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር ጋር፣ በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ማሊያ፣ አንድ ሰው። ሙያው የትኛውም ክልል ሳይል ተከተለው።

ግን እንዲህ ብለን በቀላሉ አናልፈውም። ፋሲል ዋንጫ ባነሳበት በዚያው በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሕወሓት ተዋጊዎች ተደፍረናል ያሉ 16 የከተማዋን ሴቶች አነጋግሮ ሪፖርት አውጥቷል። መቐለም የራሷ ሬሳ፣ የራሷ ረሃብ አላት፤ እዚያ ያለው ደጋፊ ደግሞ የእሱን ይቆጥራል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ወደ ሊጉ ተመለሱ። ታዲያ የጋይንቱ ወጣት በኳስ ማሳያ ቤት ተቀምጦ መቐለ ከፋሲል ሲጫወት ምን ብሎ ይይ?

«እርሳው» የሚለው ካለ ይቅርታ ይደረግልኝና ሞኝ ነው። ማንም ለጋይንት እናት እርሺ ሊላት አይችልም። ልጁን ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የ22 ዓመት ልጅ ከታጠቀው ሰው መለየት። ይኼ ደግሞ በቡጢ የሚመጣ ሳይሆን ልምምድ የሚፈልግ የአእምሮ ሥራ ነው።

በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አለ፤ የማንቸስተር ደጋፊዎች ይስሙኝ። ተመራማሪዎቹ የዩናይትድ ደጋፊዎችን ጠርተው ስለ ክለባቸው ፍቅር አስጻፏቸውና ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። መንገድ ላይ አንድ ሯጭ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያቃስታል። የዩናይትድ ማሊያ ከለበሰ አብዛኛው ይረዳዋል፤ የሊቨርፑል ከለበሰ ብዙው ጥሎት ያልፋል። በሁለተኛው ዙር ግን ደጋፊዎቹን ያስጻፏቸው ስለ ዩናይትድ ሳይሆን በጥቅሉ ኳስ ወዳድ ስለመሆን ነበር። ይሄኔ የሊቨርፑሉም ልጅ ተረዳ! ክለባቸውን አልቀየሩም፣ «የእኛ» የሚሉትን ክብ ነው ያሰፉት። ሳቅ የሚያሰኘው፣ ተራ ካናቴራ የለበሰው ምስኪን በሁለተኛውም ዙር ብዙ ረዳት አላገኘም።

ኢራቅ ውስጥ ደግሞ ከአይሲስ በኋላ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች የሚጫወቱበት ሊግ ተቋቋመ፤ ለአንዳንዱ ቡድን በዕጣ ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩለት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ውጤት ደስም ያሰኛል፣ ያሳዝናልም። አብረው የተጫወቱት ከወራት በኋላም አብረው መለማመድ ቀጥለዋል፣ ለሽልማትም የሌላውን ወገን ልጅ መርጠዋል። ከሜዳው ውጭ ያለውን የማያውቁትን ሰው ማመን ላይ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኳስ ተአምር አይሠራም ማለት ነው። የሚሠራው ለሚነካው ሰው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የእኛ ሊግ አሠራር የሚያሳስበኝ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መጫወት ሲለመድ የሜዳ ጠብ ቀነሰ ተባለ። እውነት ነው፣ ቀንሷል። የቀነሰው ግን መከባበር ስለተማርን ሳይሆን መገናኘት ስላቆምን ነው። የፋሲል ደጋፊ መቐለ ሄዶ ሻይ ካልጠጣ፣ የመቐለውም በጋይንት አድርጎ ጎንደር ካልመጣ ሰውየውን በፌስቡክ ብቻ ነው የሚያውቀው። በፌስቡክ ደግሞ ሁሉም ሰው አውሬ ነው። በእርግጥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ሌላ መዘዝ አምጥቷል፤ በመንገዱ ላይ አውቶቡስ ሙሉ ደጋፊ ይዞ መሄድ በወሬ እንጂ በተግባር ቀላል አይደለም።

ቢሆንም ቅሉ ጋይንት ለሰው መቀበል እንግዳ አገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚያ ናት፤ ከትግራይም ከጎጃምም ከሸዋም ቆሎ ተማሪ ሲመጣባት የኖረች። የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር ዜማ ይለያያል፤ ሊቃውንቱ ሲከራከሩበት ኖረዋል፣ የአንዱ ቤት ሰው የሌላውን ዜማ ግን ያውቃል። ሳያውቁ መከራከር እዚያ ያስቃል። እኛ ኳስ ቤት ውስጥ የማያስቀው ለምንድነው?

እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። የደጋፊ ማኅበራት ሪጎሬ ባከራከረ ቁጥር አንድ ጨዋታ ይጀምሩ፦ የፋሲሉ ደጋፊ አምስት ደቂቃ የመቐለ ጠበቃ ይሁን፣ የመቐለውም የፋሲል። ፌዝ ይመስላል፣ ሞክሩት። የራስን ቡድን መክሰስ ምላስ ያስራል፣ ላብ ያስወጣል። የሬዲዮ አዘጋጆችም ሁለት የአንድ ክለብ ደጋፊ አቀባብለው ከሚያጯጩሁ ተቃራኒ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያከራክሯቸው። የነፋስ መውጫው ኳስ ማሳያ ቤት ባለቤትማ መግቢያውን ለሁለቱም ማሊያ በአንድ ዋጋ ካስከፈለ ከፌዴሬሽኑ የበለጠ ሠርቷል።